ወደ ልብ የሚያደርስ የእጅ መንገድ፦ የልብ ደም ቅዳዎችን በእጅ አንጓ በኩል መመርመርና ማከም

ሐኪም ሕመምተኛን ሲመረምር በቅድሚያ ጣቶቹን ከሚያሳርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የእጅ አንጓ ነው። በአውራ ጣት አቅጣጫ የሚሰማው ያ ትርታ ራዲያል ከሚባለው ደም ቅዳ የሚመነጭ ነው። ይህ ቀጭን ደም ቅዳ ለረጅም ዘመን የልብን ምት ለመቁጠር ሲያገለግል ቆይቶ፣ ካለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ወደ ልብ የሚያደርስ የሕክምና መንገድ ሆኗል።

እንደሚታወቀው የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው ኮሮናሪ ተብለው ከሚጠሩት ደም ቅዳዎች ነው። እነዚህ ደም ቅዳዎች በውስጣቸው በሚጋገር የስብ ክምችት ሲጠቡ ሕመምተኛው በተለይ ሥራ ሲሠራ ወይም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያፍነዋል፤ ያቃጥለዋል። በረጋ ደም በድንገት ሲደፈኑ ደግሞ ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ይህም በተለምዶ የልብ ድንገተኛ ሕመም የሚባለው አደጋ ነው። ጠባቡን ቦታ ለይቶ ለማየትም ሆነ በፊኛ አስፍቶ ስቴንት የተባለውን የብረት መረብ ለማስቀመጥ፣ ካቴተር የሚባል ረጅምና ቀጭን ቱቦ ከውጭ ወደ ልብ መድረስ አለበት። ታዲያ ቱቦው ከየት በኩል ይግባ? ጥያቄው ለብዙ ጊዜ የሐኪሙ ምርጫና ልማድ ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁንና መልሱ የሕመምተኛውን ደኅንነት፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚነካ መሆኑ በጊዜ ሂደት ተረጋግጧል።

ከክርን ወደ ብሽሽት፣ ከብሽሽት ወደ አንጓ

የልብ ካቴተር ታሪክ የሚጀምረው ከእጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በክርኑ ፊት በሚገኝ ደም መላሽ በኩል ቱቦ ወደ ገዛ ልቡ አስገብቶ በራጅ አስነሣ። ለዚህ ሥራው ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ሜሰን ሶንስ የኮሮናሪ ደም ቅዳዎችን አንድ በአንድ በራጅ ቀለም ሞልቶ ማየት እንደሚቻል አሳዩ። የሶንስ ዘዴ በክርን አጠገብ ያለውን ብራኪያል የተባለ ደም ቅዳ በቀዶ ጥገና ከፍቶ ቱቦውን ማስገባትና ሲያበቃ መስፋትን ይጠይቅ ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው ስዊድናዊው ስቬን ኢቫር ሰልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ደም ቅዳው በመርፌ ይወጋል፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ መርፌው ይወጣና ቱቦው በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይገባል። ቢላዋም ስፌትም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሜልቪን ጀድኪንስ የሰልዲንገርን ዘዴ በብሽሽት ለሚገኘው ፌሞራል ደም ቅዳ ተጠቅመው፣ ጫፋቸው አስቀድሞ የተቀረጸ ካቴተሮችን አስተዋወቁ። አንድሪያስ ግሩንትሲግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 በዙሪክ የመጀመሪያውን የኮሮናሪ ፊኛ ሕክምና ሲያከናውኑ የተጠቀሙት ይህንኑ የብሽሽት መንገድ ነበር። ፌሞራል ሰፊ ስለሆነ ለመውጋት ይመቻል፤ ትላልቅ መሣሪያዎችንም ያስተናግዳል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ዋነኛው በር ሆኖ ቆየ።

የአንጓው መንገድ ዳግም የተከፈተው በካናዳ ነው። በሞንትሪያል የልብ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሉሲየን ካምፖ እ.ኤ.አ. በ1989 ራዲያል ደም ቅዳን በመርፌ ወግተው የ100 ሕመምተኞችን ኮሮናሪ ደም ቅዳዎች የመረመሩበትን ሥራ አሳተሙ። ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በአምስተርዳም ፈርዲናንድ ኪመነይ በዚያው መንገድ የፊኛ ሕክምና አደረጉ፤ ስቴንትም አስከተሉ። በዚያን ዘመን ስቴንት የገባለት ሕመምተኛ ደሙ እንዳይረጋ ብዙ ዓይነት መድኃኒት በአንድነት ይሰጠው ስለነበር ከብሽሽት የሚመጣው መድማት ሐኪሞችን እጅግ ያስቸግር ነበር። ኪመነይን ወደ አንጓው የመራቸውም ይኸው ችግር ነው።

የእጅ ደም ቅዳዎች አቀማመጥ

ብራኪያል ደም ቅዳ ከክርን በታች ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ራዲያል ሲሆን በአውራ ጣት በኩል ይወርዳል። ሁለተኛው አልናር ይባላል፤ የሚወርደውም በትንሿ ጣት በኩል ነው። ሁለቱ መዳፍ ውስጥ ሲደርሱ ላይኛውና ጥልቁ በሚባሉ ሁለት ቅስቶች አማካይነት ይገናኛሉ። ከእነዚህ ቅስቶች የሚወጡት ቅርንጫፎች ጣቶችን ይመግባሉ።

ይህ አቀማመጥ ለሐኪሙ ትልቅ ዋስትና ነው። አንደኛው መንገድ ቢዘጋ እንኳ እጅ በሌላኛው በኩል ደም ያገኛል። ፌሞራል ግን ለእግር ዋናው ምንጭ በመሆኑ ቢጎዳ መዘዙ የከፋ ነው። ከዚህም በላይ ራዲያል ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይጠልቅ በአጥንት ላይ ተኝቶ ስለሚገኝ በጣት ጫን ሲሉት ይቆማል፤ የደማውም ወዲያው ይታያል። ፌሞራል በአንጻሩ ጥልቅ ነው። በተለይ ከትክክለኛው ቦታ ከፍ ብሎ ከተወጋ ደሙ ወደ ሆድ የኋላ ክፍል ሊፈስ ይችላል። እንዲህ ያለው መድማት ከውጭ አይታይም። ሕመምተኛው ወገቡን ወይም ሆዱን ያመዋል፣ ያልበዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም ብዙ ደም ሊያጣ ይችላል።

የራዲያል ድክመት ቅጥነቱ ነው። የአብዛኛው ሰው ራዲያል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ለተለመደው ሕክምና የሚያገለግለው 6 ፍሬንች የተባለው የመግቢያ ቱቦ የውጭ ስፋቱ ወደ 2.5 ሚሊሜትር ይጠጋል። ፍሬንች የካቴተር መለኪያ ሲሆን አንዱ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ቁመናቸው አነስተኛ በሆነ ሴቶች፣ ቱቦው ደም ቅዳውን ሞልቶት ይገባል ማለት ነው።

አሠራሩ

ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ እጁ ከጎኑ ይዘረጋል፤ አንጓው ጥቂት ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቆዳው በመድኃኒት ከተጸዳና በጥቂት ማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ ደም ቅዳው በቀጭን መርፌ ይወጋል። ትርታውን በጣት መከተል የተለመደ ሲሆን ዛሬ ብዙ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ ይወጋሉ። ሽቦው ከገባ በኋላ ቆዳውን እንዲያንሸራትት የተቀባ ቀጭን መግቢያ ቱቦ ይከተላል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መደረግ አለባቸው። የመጀመሪያው ደም ቅዳው እንዳይኮማተር መከላከል ነው። የራዲያል ግድግዳ በጡንቻ የታጀበ ስለሆነ ሲነካ፣ ሲያመው ወይም ሕመምተኛው ሲፈራ ተኮማትሮ ቱቦውን ጭምድድ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ስለሆነም እንደ ቬራፓሚልና ናይትሮግሊሰሪን ያሉ ደም ቅዳን የሚያላሉ መድኃኒቶች በቱቦው በኩል ይሰጣሉ። ሕመምተኛውን ማረጋጋትም የሕክምናው አካል ነው። ሁለተኛው ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን መስጠት ነው። ይህ ካልተደረገ ቱቦው የሞላው ጠባብ ደም ቅዳ ይደፈናል።

ካቴተሩ ከዚያ በኋላ በክንድ፣ በላይኛው ክንድና በብብት አልፎ ከትከሻ ሥር ወደ ታላቁ ደም ቅዳ ወደ አኦርታ ይገባል፤ በአኦርታ መነሻ ላይ የሚገኙትን የኮሮናሪ ደም ቅዳዎች አፍ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በብሽሽት ከሚደረገው እምብዛም አይለይም። መንገዱ ግን ሁልጊዜ ቀና አይደለም። በአንዳንድ ሰዎች ራዲያል በክርን አጠገብ እንደ ቀለበት ይጠመዘዛል። በዕድሜ በገፉና የደም ግፊት በቆየባቸው ሰዎች ደግሞ ከትከሻ ሥር ያለው ክፍል ይጣመማል። እንዲህ ሲሆን ሽቦውን በጉልበት መግፋት ደም ቅዳውን ሊቀድ ስለሚችል ሐኪሙ ቆም ብሎ ጥቂት የራጅ ቀለም በመስጠት መንገዱን ማየት ይገባዋል።

ቀኝ እጅ ለሐኪሙ አቋቋም ስለሚመች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከግራ የደረት ግድግዳ የተወሰደ ደም ቅዳ በቀዶ ጥገና ልባቸው ላይ ለተቀጠለላቸው ሕመምተኞች ግራ እጅ ይሻላል፤ የተቀጠለው ደም ቅዳ የሚነሣው ከግራ በኩል ነውና።

ጥናቶች ያረጋገጡት

የአንጓው መንገድ ለሕመምተኛ እንደሚመች ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር። በብሽሽት የታከመ ሰው ለሰዓታት እግሩን ሳያጥፍ በጀርባው መተኛት ሲኖርበት፣ በአንጓው የታከመው ወዲያው ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ መጸዳጃ ቤት በእግሩ ይሄዳል። ዋናው ጥያቄ ግን ሕይወት ያድናል ወይ የሚለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ራይቫል የተባለ ጥናት በ32 አገሮች 7,021 የልብ ድንገተኛ ሕመም ያጋጠማቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። ሞትን፣ የልብ ጡንቻ ጉዳትን፣ ስትሮክንና ከባድ መድማትን በአንድነት ሲያሰላ በሁለቱ መንገዶች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሆኖም በተወጋው ደም ቅዳ ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት በአንጓ ከታከሙት መካከል 1.4 በመቶ ሲሆን በብሽሽት ከታከሙት 3.7 በመቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት የታተመው ራይፍል የተባለ የጣልያን ጥናት፣ ኮሮናሪ ደም ቅዳቸው ሙሉ በሙሉ በተደፈነ 1,001 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ በልብ ምክንያት የሚደርስ ሞት በአንጓው 5.2፣ በብሽሽት 9.2 በመቶ መሆኑን ዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ማትሪክስ 8,404 ሕመምተኞችን ተከታትሎ በማናቸውም ምክንያት የሚደርሰው ሞት 1.6 በመቶ በአንጓ፣ 2.2 በመቶ በብሽሽት ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ልዩነት ከ1,000 ሕመምተኞች የ6 ሰዎች ሕይወት ማለት ነው።

ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሳፋሪ የተባለ ጥናት 2,292 ሕመምተኞችን አነጻጽሮ በ30 ቀን ሞት ረገድ ልዩነት አላየም። ነገር ግን የሰባት ጥናቶች 21,600 ሕመምተኞች መረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድነት ሲመረመር፣ ሞት ከ2.1 ወደ 1.6 በመቶ፣ ከባድ መድማትም ከ2.7 ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ ማለቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ፣ በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የልብ ሕክምና መመሪያዎች የልብ ድንገተኛ ሕመም ለያዛቸው ሰዎች በተቻለ መጠን የአንጓው መንገድ እንዲቀድም መክረዋል።

የእጅ ቀዳዳ እንዴት የልብ ሕመምተኛን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ምክንያቱ በመድማት ላይ ነው። የልብ ሕመምተኛ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግረልን የመሰሉ መድኃኒቶችና ሄፓሪን በአንድ ላይ ስለሚሰጡት ቀላል ቀዳዳ ከባድ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ደም ሲፈስ አስቀድሞ የተጎዳው ልብ ይበልጥ ይዳከማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ከዚህ የባሰው ግን መድማቱን ለማቆም ሲባል መድኃኒቶቹ የሚቋረጡ ከሆነ አዲስ የገባው ስቴንት በረጋ ደም ሊደፈን መቻሉ ነው። ሐኪሙ በአንድ በኩል በሚደማ ብሽሽት፣ በሌላ በኩል በሚደፈን ስቴንት መካከል ይያዛል። የአንጓው መንገድ ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣዋል።

ችግሮቹና ገደቦቹ

ከሁሉ የሚበዛው ችግር የራዲያል መደፈን ነው። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሥራ፣ መደፈኑ በመጀመሪያው ቀን ወደ 7.7 በመቶ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ 5.5 በመቶ እንደሚሆን አሳይቷል። እጅ ከአልናር ደም ስለሚያገኝ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሚናቅ አይደለም። የተደፈነው ደም ቅዳ ለሚቀጥለው ምርመራም ሆነ ለሌላ ሕክምና አያገለግልም።

መከላከያው በአብዛኛው በሐኪሙና በነርሱ እጅ ነው። በቂ ሄፓሪን መስጠት፣ ቀጭን ቱቦ መምረጥና ሲጨርሱ አንጓውን ከሚገባው በላይ አለማነቅ ዋነኞቹ ናቸው። ቱቦው ሲወጣ የሚታሰረው ማሰሪያ መድማቱን ማቆም አለበት፤ ነገር ግን በደም ቅዳው ውስጥ የሚያልፈውን ደም ጨርሶ መዝጋት የለበትም። ይህን ለማረጋገጥ የኦክስጅን መለኪያው በአውራ ጣት ላይ ይደረግና አልናር በጣት ይጫናል። የትርታው መስመር በመለኪያው ላይ ከታየ ራዲያል ክፍት ነው። መስመሩ ከጠፋ ማሰሪያው እስኪታይ ድረስ ጥቂት በጥቂት ይላላል። ራዲያል ተደፍኖ ከተገኘም አልናርን ለአንድ ሰዓት ያህል በመጫን የደሙን ፍሰት ወደ ራዲያል መመለስ አንዳንድ ጊዜ ይከፍተዋል።

ቀደም ሲል ከሥራው በፊት የአለን ምርመራ እንደ ግዴታ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የተገለጸው ይህ ምርመራ ሁለቱንም ደም ቅዳዎች ጨቁኖ አልናርን ብቻ በመልቀቅ መዳፉ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቀላ መመልከት ነው። በኋላ በኦክስጅን መለኪያ የሚደረገው የባርቦ ምርመራ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን የአለን ምርመራ ውጤታቸው መልካም ባልሆነ ሰዎችም እጅ ላይ ጉዳት አለመድረሱን ስላሳየ፣ ዛሬ ምርመራው ብቻውን ሰውን ከአንጓው መንገድ እንዲያስቀር አይደረግም።

አልፎ አልፎ ሽቦው የክንድን ትናንሽ ቅርንጫፎች ሲቀድ ደም በክንድ ጡንቻዎች መካከል ይጠራቀማል። ክንዱ ካበጠ፣ ከጠነከረና ሕመሙ ከበረታ አስቸኳይ እርምጃ ያሻል፤ ግፊቱ ነርቮችንና ጡንቻዎችን ሊገድል ይችላልና። በሌላ በኩል ሥራው ልምድ ይጠይቃል። ጀማሪ ሐኪም ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ሕመምተኛውም ራሱም ለጨረር ይበልጥ ይጋለጣሉ። በራይቫል ጥናት በአንጓ ከተጀመሩት 7.6 በመቶ ያህሉ ወደ ብሽሽት መዛወር ነበረባቸው። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት የብሽሽቱን ሙያ መዘንጋት እንደማይገባ ነው። ትላልቅ መሣሪያዎች ሲያስፈልጉ ወይም የአንጓው መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው እርሱ ነውና።

አልናርና የአውራ ጣት ግርጌ

ራዲያል በማይመችበት ጊዜ አልናር እንደ አማራጭ ታስቧል። እ.ኤ.አ. በ2013 በግሪክ በ902 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን አልናርን በመጀመሪያ መምረጥ ከራዲያል እንደሚያንስ ስለታየ ከጊዜው በፊት ቆሟል። አልናር ጠለቅ ያለ ነው፤ ነርቭም ጎን ለጎን ይሄዳል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ ከራዲያል እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ አልናር የለመደው ሐኪም በተጠባባቂነት የሚይዘው መንገድ ነው። ራዲያል በተወጋበት ወይም በተደፈነበት በዚያው እጅ አልናርን መውጋት ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ሌላው መንገድ ከአንጓ ጥቂት ወረድ ይላል። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲወጠር በግርጌው በሁለት ጅማቶች መካከል አነስተኛ ጉድጓድ ይታያል። ቀድሞ ሱረት የሚወስዱ ሰዎች ትንባሆውን ያኖሩበት ስለነበር በሥነ አካል ትምህርት የሱረት ሙዳይ የሚል ስም ወጥቶለታል። ራዲያል በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚያልፍ እዚያ ላይ መውጋት ይቻላል። ኪመነይ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ መንገድ ያከሟቸውን 70 ሕመምተኞች ካሳወቁ በኋላ ዘዴው ተስፋፍቷል። ጥቅሙ ከዚህ በታች ቢደፈን እንኳ ወደ መዳፍ የሚሄደው ቅርንጫፍ ክፍት ስለሚሆን በክንድ ውስጥ ያለው ራዲያል ፍሰቱን አለማጣቱ ነው። ግራ እጅን በሆዱ ላይ አሳርፎ መሥራትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በ1,307 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ዲስኮ ራዲያል የተባለ ጥናት ጥንቃቄው ሁሉ ከተሟላ በሁለቱም ቦታዎች መደፈኑ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አሳየ። በአውራ ጣት ግርጌ የተጀመረው ግን ወደ ሌላ ቦታ የመዛወሩ ዕድል ከፍ ያለ ነበር። የጥናቱ ዋና ትምህርት ቦታው ከሚያመጣው ለውጥ ጥንቃቄው የሚያመጣው እንደሚበልጥ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኞች ጉዳይ

የአንጓው መንገድ ለሁሉም አይመከርም። ኩላሊታቸው እየደከመ የመጣ ሰዎች ወደፊት የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ለእጥበት ከሁሉ የተሻለው የደም መንገድ በክንድ ላይ ደም ቅዳን ከደም መላሽ ጋር በቀዶ ጥገና በማገናኘት የሚዘጋጀው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚገናኘውም ይኸው ራዲያል ነው። ዛሬ ለልብ ምርመራ የተደፈነ ራዲያል ነገ ለእጥበት መንገድ ያሳጣል። ስለሆነም ለእነዚህ ሕመምተኞች የልብና የኩላሊት ሐኪሞች አስቀድመው ሊመካከሩ ይገባል። ራዲያሉ ለልብ ቀዶ ጥገና መቀጠያ እንዲሆን የታሰበለት ሰውም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው ራሱ የኩላሊት ችግር እንዳለበት ወይም ለእጥበት የተዘጋጀ ክንድ እንዳለው ከሥራው በፊት መናገር አለበት።

ከሕክምናው በኋላ

ማሰሪያው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይፈታል። ሕመምተኛው በዚያ ቀን አንጓውን ከማጠፍ፣ ለጥቂት ቀናትም በዚያ እጅ ከባድ ዕቃ ከማንሣት መቆጠብ ይገባዋል። በቤት ሳለ ደም ቢፈስ ተቀምጦ ቦታውን በጣት አጥብቆ መጫንና ካልቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። እጅ ቢቀዘቅዝ፣ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ቢደነዝዝ ወይም ክንድ አብጦ ቢጠነክር ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ስቴንት የገባለት ሰው ደግሞ እጁ ጥቂት በመበለዙ ደንግጦ የታዘዘለትን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ፈጽሞ የለበትም። በእጅ ላይ ያለው ብልዘት በቀናት ይጠፋል፤ የተቋረጠው መድኃኒት ግን ስቴንቱን ሊዘጋው ይችላል።

የአንጓው መንገድ ጠቀሜታ በተለይ ሰፊ የሚሆነው ኢትዮጵያን በመሳሰሉ፣ የልብ ካቴተር ክፍሎችና የሆስፒታል አልጋዎች ጥቂት በሆኑባቸው አገሮች ነው። ለመለገስ የሚገኘው ደም ውሱን በሆነበት ቦታ መድማትን መከላከል ከሁሉ ይቀድማል። ሁኔታው የተስተካከለለት ሕመምተኛ ከቀጠሮ ምርመራ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስና አልጋውን ለሚቀጥለው ሊለቅ ይችላል። ለዚህም ከመሣሪያው ይልቅ የሠለጠነ እጅና ማሰሪያውን በንቃት የሚከታተል ነርስ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ የአንጓው መንገድ መድማትን በመቀነስ ለልብ ሕመምተኛ የተሻለ በር መሆኑ ተመስክሯል። ሆኖም ጥቅሙ የሚገኘው ሐኪሙ ሥራውን ሲያውቅ፣ ደም ቅዳው ለነገ እንዲተርፍ ሲጠበቅና ለማን እንደማይገባ ሲለይ ነው። የልብን ትርታ ለመቁጠር ጣት የሚያርፍበት ያ ቀጭን ደም ቅዳ ሕክምናው ካበቃም በኋላ መትረክረኩን እንዲቀጥል ማድረግ የዚህ ሙያ መለኪያ ሆኖ ሊወሰድ ይገባል።